ከቱቦው በታች ያለ ልምላሜ

ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራት «ማስመሪያ» እያለ ነበር። ስሙ የወጣላት ገና በልጅነቷ፣ የጓሮውን በቆሎ በየማለዳው እየለካች «ዛሬም አደገ! ዛሬም አደገ!» ብላ ቤቱን ስታውክ ነው። ታላቅ እህቷ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኛንም አስተኝታ ትለካናለች» ብላ ሳቀች፤ ስሙም እዚያው ጸደቀ። አድጋ፣ ተምራ፣ በዕፅዋት ምርምር ማዕከል ተመራማሪ ከሆነች በኋላ እንኳ የእህቷን ደጅ ስትረግጥ አቀባበሉ «ማስመሪያ መጣች!» ነው።

ሥራዋን ትወዳለች። ምን እንደምትሠራ ለሚጠይቃት ሰው የምትሰጠው መልስ ቀላል ነው። ተክል እግር የለውም፤ ሸሽቶ አያመልጥም፤ የደረሰበትን ሁሉ ገላው ላይ ታገኘዋለህ ትላለች። ጥላ ውስጥ የበቀለው አንገቱን አስግጎ ይቀጥናል። ውሃ የጠማው ቅጠሉን ያሳንሳል። ነፋስ የሚበዛበት አጭርና ደንዳና ይሆናል። ማዳበሪያ የበዛበት ደግሞ ጠቁሮ፣ ሰብቶ፣ ውሃ አዝሎ ይንዘረፈፋል። እሷም እየዞረች ቁመት ትለካለች፣ የቅጠል ስፋት ትለካለች፣ አጭዳ፣ አድርቃ ትመዝናለች፤ ከዚያ ተክሉ በምን ዓይነት ቦታ እንደኖረ ትናገራለች። ከተክልና ከሰው ማንን የበለጠ ታምኛለሽ ቢሏት ለመመለስ አታመነታም ነበር።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ አርጅታለች፤ ጥርሷ አልቋል፤ የተቀቀለና ለስላሳ ነገር ካልሆነ አይሆንላትም። ደግነቱ እህቷ በየሳምንቱ አንድ እቅፍ ቆስጣ ትልክላቸዋለች። ቆስጣ ሲባል ደግሞ እንደ ነገሩ አይደለም፤ አንዱ ቅጠል ለብቻው ድስት ይሞላል። የእህቷ ባል አትክልት አምራች ነው፤ ገበያተኛው «አባ ለምለም» ይለዋል። በጋው ከርሮ የሌላው ሰው መደብ ሲሰነጣጠቅ የእሱ መኪና አረንጓዴ ተጭኖ ገበያ ይገባል። ማስመሪያ አክብራ «ጋሼ» ነው የምትለው፤ ከሠርጉ ቀን ጀምራ አንቱ እንዳለችው ነው። ምስጢሩን ስትጠይቀው «እጄ ላይ ነው በረከቱ» ይልና ስቆ ወሬውን ያዞረዋል። መሬቱን ሄዳ አይታው አታውቅም፤ ራቅ ያለ ነው ብለዋት ነበር።

እናቷ የተቀቀለውን ቆስጣ በድዷ እየላመጠች «ልጄ አትረሳኝም» ትላለች። ማስመሪያም ቅጠሉን ሳትቀቅለው በፊት ገበታ ላይ ዘርግታ እያየች ትደነቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እህቷ ስልክ ደውላ በወሬ መሀል፣ «እማዬን ደግሞ ቆስጣ አታብዢባት፤ ለጨጓራ ጥሩ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለቻት።

«ማነው ያለሽ? እንዲያውም ከሁሉ የሚስማማት እሱ ነው» አለች ማስመሪያ። እህቷም ሌላ ወሬ ጀመረች።

በዚያ በጋ ነው እንግዲህ የሥራ ባልደረባዋ ቢሮዋን ሳያንኳኳ የገባው። ይህ ሰው ከሰማይ የተነሱ ምስሎችን እያየ የምድርን ልምላሜ የሚከታተል በመሆኑ በማዕከሉ ውስጥ «ሳተላይት» ነው የሚባለው። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋና «እዪልኝ ይሄን ጉድ» አለ።

ምስሉ ላይ ሸለቆው በሙሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ቡናማ ሆኗል። በመሀሉ ግን ወንዙን ይዞ የሚወርድ አንድ ጥቁር አረንጓዴ መስመር አለ። አምናና ካቻምና ቀጭን የነበረው ዘንድሮ ሰፍቷል፤ ዝናብ ጠብ ባላለበት ወቅት ጭራሽ ደምቋል።

«ዳይሬክተሩ ሲያየው በደስታ ሊዘል ነበር» አለ ሳተላይት። «የተፋሰስ ሥራችን ፍሬ አፈራ ብሎ ለበላይ ሊያሳይ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማስመሪያ ወርዳ ትልካው አልኩ።»

«አንተስ አትወርድም?»

«እወርዳለሁ እንጂ! ምን፣ ሣር ነው እኮ።»

በማግስቱ ወረዱ። ሳተላይት ነጭ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው።

ሽታው የተቀበላቸው ወንዙን ሳያዩት ነው። መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል፣ ቀጥሎ እንደ ሞተ እንስሳ፣ ከዚያ ደግሞ ጉሮሮ የሚፍቅ የመድኃኒት ጠረን መጣ። ሳተላይት አፍንጫውን በክርኑ ሸፈነ። ከኮረብታው ወገብ ላይ የቆዳ ፋብሪካ አለ፤ ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ወደ ወንዙ ይተፋል። የሚተፋውን ውሃ ነው ለማለት ያስቸግራል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፤ ላዩ ላይ ጮማ ያዘለ አረፋ አለው፤ በውስጡ የእንስሳ ጸጉር ተጎንጉኖ ይንሳፈፋል። ዳር ዳሩን የቆዳ ቅራጭ ከጭቃው ጋር ተላቁጦ ነጫጭ ትል አፍርቷል።

ማስመሪያ ሥራዋን ከቱቦው በላይ ጀመረች። ከእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ክፈፏን መሬት ላይ ጣል ታደርግና በውስጡ ያለውን ሁሉ ትለያለች፣ ትቆጥራለች፣ ትለካለች። እዚያ ሣሩ አጭርና ከሲታ ነው፤ በጋ ነዋ። ግን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አበባ ያለው፣ እሾህ ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳበው፣ ሁሉም በየአቅሙ ተሻምቶ ይኖራል።

ከቱቦው በታች ሲወርዱ ሌላ ዓለም ነው። ሣሩ ደረቷ ድረስ መጣ። ሳማው እንደ ቁጥቋጦ ሰብቷል። ከሦስት ዓይነት ተክል በቀር ሌላው ሁሉ ጠፍቷል፤ የቀሩት ግን እንዳበጠ ገላ ተወጣጥረዋል። አንዱን ግንድ ስትቆርጠው ውሃው ጓንቷ ላይ ተፈናጠረ፤ ግንዱ ውስጡ ባዶ ነበር። ቅጠሎቹ ላይ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ የሚያዳልጥ ስብ ተለጥፏል። በመለኪያ ገመዷ ላይ ተላከከ፤ በእርሳሷ ላይ ተላከከ፤ በተቀደደው ጓንቷ በኩል ገብቶ ጣቶቿ መሀል ረጠበ። ቀፈፋት። በሕይወቷ ሙሉ ለምለም ነገር ስታይ ደስ የሚላት ሰው፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ እያየችው እንደሚያድግ ሆኖ ታያት።

ኋላዋ ሳተላይት ቋቅ አለው። ጎንበስ ብሎ አስመለሰ። ሲጨርስ አፉን ጠርጎ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ አይሸትም ነበር እኮ» አለ። ነጩ ጫማ አሁን ስሙን የማታውቀው ቀለም ሆኗል።

«በቃህ፣ መኪናው ጋ ጠብቀኝ።»

«አይ፣ አብሬሽ ነው የምወርደው። ብቻዬን ቆሜ ከምሸተው ካንቺ ጋር እየሄድኩ ልሽተት።»

ወንዙ ታጥፎ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲደርስ የሞተር ድምፅ ሰሙ። በውሃ መሳቢያ ሞተር ከወንዙ እየተሳበ በፕላስቲክ ቱቦ ወደ መደቦች ይገባል። መደቦቹ የጎመን፣ የሰላጣና የቆስጣ ናቸው፤ በረድፍ በረድፍ ዓይን እስኪደክም ተዘርግተዋል። ጠርዙ ላይ አንድ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ቆሞ የታጨደውን ቆስጣ እየነከረ ያነሳል፤ ትኩስ መስሎ ገበያ እንዲደርስ በዚያው በወንዙ ውሃ እያጠበው ነው። ቀና ሲል አየቻቸው። አባ ለምለም ነው።

«እንዴ! ማስመሪያ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ማስመሪያ በእጁ የያዘውን ቆስጣ አየች። እሱ ግን ደንገጥ ያለው ለአፍታ ብቻ ነው። ወዲያው ፊቱ ፈካ፤ የረጠበ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሊጨብጣት መጣ። የተቀደደውን ጓንቷን ከነጭቃው አሳየችውና ከመጨበጥ ዳነች።

«መለካት ከሆነ የመጣሽው እስቲ የኔን ለኪው!» አለ፤ ከእቅፉ አንዱን ቅጠል መዝዞ እያንጠለጠለ። «እዪው! እዪው እስቲ! በየትኛው መጽሐፍሽ ላይ ነው እንዲህ ያለ ቆስጣ ያለው?»

እጇ ለምዶበት ሆነና መለኪያ ገመዷን ዘርግታ ቅጠሉ ላይ አኖረችው። ከክንዷ ይረዝማል። ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ ዘንጉ እንደ ሕፃን እጅ ወፍሮ፣ ከጫፉ ግራጫ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ የተጣበቀ የእንስሳ ጸጉር ነበረበት። አባ ለምለም ጸጉሩን በሁለት ጣቱ ለቅሞ ጣለው፤ ሰው ከወዳጁ ኮት ላይ ክር እንደሚያነሳ ነው ያነሳው።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «ለእኛ የምትልኩልን ከዚህ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው!» አለ እየሳቀ። «ላንቺና ለእማማ የተመረጠው ነው የሚላከው!»

ትናንት ማታ የበላችው ታወሳት። እናቷ ድስቱን በማንኪያ ስትጠርግ ታወሳት። ዞራ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ከቆስጣው መደብ ጠርዝ ላይ የበላችው ሁሉ ወጣላት።

«ውይ ውይ!» አለ አባ ለምለም፤ እውነት አዝኖላት ነበር። «ምነው፣ የምንሰማው ደስታ አለ እንዴ? ቆይ ውሃ ላምጣልሽ!» ብሎ ወደ ወንዙ ሲያይ ሳተላይት ክንዱን ያዘው።

«አያምጡ» አለው። «በፈጠረዎ፣ ከዚያ እንዳያመጡ።»

ናሙናቸውን በየከረጢቱ አድርገው ወጡ። ከተማ ሲገቡ ማስመሪያ «የእህቴ ቤት ጋ አውርደኝ» አለችው።

እህቷን በረንዳ ላይ አገኘቻት። ልብስ እያሰጣች ነበር። «ማስመሪያ መጣች!» ብላ እጇን ዘርግታ ቀረበቻት፤ ከዚያ አፍንጫዋን ያዘች። «ምን ሆነሽ ነው የምትሸቺው?»

«ከባልሽ ማሳ ነው የምመጣው።»

የእህቷ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ልብሱን ሰብስባ ሳታሰጣው ገበቴው ውስጥ መለሰችው።

«እታለም፣ ለእኛ የምትልኪው ቆስጣ ከየት ነው?»

«ከጓሮ ነዋ» አለች እህቷ፤ ሳታስብበት፣ ቶሎ። «ከጓሮዬ ነው። የሱን ገበያ ነው የሚወስደው። ነይ ላሳይሽ።»

ይዛት ወደ ጓሮ ሄደች። እውነትም መደብ አለ። ንጹሕ፣ በቧንቧ ውሃ የሚጠጣ፣ አረሙ የተለቀመ ትንሽ መደብ ነው። ቆስጣው ከእጅ መዳፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ቅጠሉ ጠንከር፣ ቀለሙ ፈካ ያለ። ማስመሪያ ተንበርክካ አየችው። ከዚያ አንዱን ቅጠል ቀንጥባ ወደ በረንዳው ተመለሰች። የሳምንቱ እቅፍ ለእነሱ ተዘጋጅቶ፣ በሲባጎ ታስሮ በሩ ጥግ ቆሟል። ከእሱም አንድ መዘዘች። ሁለቱን በረንዳው ንጣፍ ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው።

ምንም መለካት አላስፈለገም። አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ነው። አንዱ ቀጥ ብሏል፤ ሌላው በራሱ ክብደት ተዘርፍጧል። ጥቁር አረንጓዴው ቅጠል ከሥሩ ንጣፉ ላይ ግራጫ እርጥበት አተመ።

«ይሄ ከዚህ ጓሮ አልበቀለም» አለች ማስመሪያ። «ሌላው ሰው ይቅር፤ እኔን እዪኝ። እኔ እኮ ነኝ። እንዴት እኔን ትዋሺኛለሽ?»

እህቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። 

«ልጆቹን ሆዳቸውን አመማቸው» አለች። «እየተመላለሰ። ገላቸው ላይም ሽፍ አለባቸው። አንድ ቀን ሄጄ ማሳውን አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ነው የጓሮውን የተከልኩት። ሕመሙም ተዋቸው።»

«መቼ?»

«ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።»

«አምና ክረምት?»

እህቷ ራሷን ነቀነቀች።

ማስመሪያ ጆሮዋ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ቀጠለ መሰላት። «እና ከዚያ ወዲህ ስትልኪልን የነበረው?»

«ምን ላድርግ?» አለች እህቷ፤ ቀና ብላ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ነገር ግን በድምፅዋ ውስጥ ንዴትም ነበረበት። «ዓመት ሙሉ የላክሁልሽን ድንገት ባቆም ለምን ትዪኛለሽ። አንቺ ደግሞ አንዴ ከጠየቅሽ መች ታቆሚያለሽ? ማሳውን ላየው ትያለሽ። ውሃውን ልለካው ትያለሽ። ከዚያ እኛ ምን ልንሆን ነው? በምን ልንበላ?»

«እንዳልጠይቅሽ ብለሽ ነው የላክሽልን?»

«አልታመማችሁም እኮ! ምንም አልሆናችሁም ብዬ ነው!»

«እማዬ ትበላው እንደነበር ታውቂያለሽ።»

«አታብዢባት ብዬሽ ነበር!» ብላ ጮኸች እህቷ። «ስልክ ደውዬ አላልኩሽም? ለጨጓራዋ ጥሩ አይደለም አላልኩሽም?»

ማስመሪያ እህቷን አየቻት። ይህቺ ጸጉሯን ያበጠረችላት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዛ የወሰደቻት እህቷ ናት። ወንዙ ዳር የወጣላት ሁሉ ከዚህ ቀለል ያለ ነበር፤ ያ ሆድ ነው፣ ባዶ ሲሆን ያቆማል። ይሄኛው ማቆሚያ የለውም። እህቷ ስልኩን አንስታ፣ አስባ፣ ለእናቷ በቂ ይሆናል ያለችውን ያህል እውነት ቆርሳ ሰጥታ ስልኩን ስትዘጋ ታያት። በማግስቱም እቅፉን አስራ ስትልክ ታያት። አጥንቷ ድረስ ተጸየፈቻት።

«አትንኪኝ» አለች፤ እህቷ እጇን ስትዘረጋ። የታሰረውን እቅፍ እንደቆመ ብድግ አድርጋ ወሰደች። ለምርመራ ነው የወሰደችው፤ እህቷ ግን ይህን ስላላወቀች ግራ ተጋብታ እያየቻት ቀረች።

የቤተ ሙከራው ውጤት ሲመጣ ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የሚባል ብረት ነክ ኬሚካል ቅጠሉ ውስጥ ተገኘ፤ ሊኖር ከሚገባው ብዙ እጥፍ። ጀርሙም ሌላ ጉድ ነበር። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደስታውን መቀማት አልፈለገም።

«ልምላሜው ግን ጨምሯል፤ አይደል?» አለ። «ይህንን በአንድ ሪፖርት፣ ያንን ደግሞ በሌላ ጊዜ ብናቀርበው ምን ይመስላችኋል?»

«ጨምሯል» አለ ሳተላይት። «በምን እንደጨመረ ካልጻፍን ግን እኔ ስሜን አላኖርበትም። ቦታውን ማየት ከፈለጉ ልውሰድዎ። ነጭ ጫማ ብቻ አያድርጉ።»

ዳይሬክተሩ ቦታውን አላየም፤ ሪፖርቱን ግን ሳይቆርጥ ፈርሞ አሳለፈው። ማስመሪያ ደግሞ የሱን መንገድ አልጠበቀችም፤ ኮፒውን ይዛ ጤና ቢሮ ሄደች። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲመልሷት፣ «የሚመለከተው ወጥቷል» ሲሏት፣ አንድ ቀን ከወንዙ ዳር የቀዳችውን ውሃ በጠርሙስ ይዛ ገባችና የቢሮው ኃላፊ የሆነችው ሴት ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ከፈተችው። ኃላፊዋ አፍንጫዋን ይዛ ከወንበሯ ተነሳች። ማሳው እንዲነቀል የሚያዘው ፊርማ የዚያኑ ዕለት ወጣ።

ማሳው ሲነቀል ማስመሪያ ቆማ አይታለች። ማንም ነይ አላላትም፤ እኔ ባልኩት ነገር የሚሆነውን ማየት አለብኝ ብላ ነው የሄደችው። ሠራተኞቹ አፋቸውን ሸፍነው ቆስጣውን ከነሥሩ እየነቀሉ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፤ ሰላጣውን፣ ጎመኑን። ከሥሩ ጋር የሚወጣው አፈር ጥቁርና የሚያላቁጥ ነበር። አባ ለምለም እጁን አጣምሮ ቆሞ ሲያይ ቆየና ወደ እሷ መጣ።

«ከገዛ እህቴ አላሳንስሽም ነበር» አላት። «ቤቴ በልተሽ፣ ቤቴ ጠጥተሽ።»

«ምን እንደበላሁማ አንተ ታውቃለህ» አለችው።

አንተ አለችው። ሁለቱም ሰሙት። እሱ እንደተመታ ሰው አንገቱን መለስ አደረገ። ከሠርጉ ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረች ልጅ ናት።

«እኔ ነኝ ያን ቱቦ የቀበርኩት?» አለ በኋላ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ወደ ኮረብታው ለምን አትሄጂም? እዚያ ለምን አትነቅሉም?»

በዚህስ እውነቱን ነበር፤ እሷም አልተከራከረችውም። ፋብሪካው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል ተባለ። ሰዎቹ ኮሚቴ አቋቁመናል አሉ፤ ማጣሪያ ልንተክል ነው አሉ። በዚያች ሰዓት እንኳ ቱቦው ከላይ መትፋቱን አላቋረጠም፤ አረፋው የተነቀለውን ማሳ እየታከከ ያልፋል። ከማሳው ግርጌ ያለው ሣር ግን ማንም ሳይነካው ሰብቶ፣ ወዝቶ ቆሟል። አስጠላት። ፋብሪካውም፣ አባ ለምለምም፣ «በሕግ አግባብ» እያሉ የሚያወሩት ሰዎችም ሁሉም በአንድነት አስጠሏት፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ የመኪናውን መስኮት ከፍታ ሄደች።

እናቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ ደም አየ፣ ሽንት አየ። ኩላሊቷ ደከም ብሏል አለ።

«ከዚያ ነው?» አለችው ማስመሪያ።

«ከዕድሜም ሊሆን ይችላል። ከዚያም ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ መለየት አልችልም፤ ብችል እነግርሽ ነበር።»

ተክል ቢሆን ልትለየው ትችል ነበር። ከላይኛው መደብ አንድ፣ ከታችኛው አንድ ወስዳ ጎን ለጎን ታስተያያለች። እናቷ ግን አንድ ናት።

እስከዚያ ቀን ለእናቷ አልነገረቻትም ነበር። እናቷ ግን ቆስጣው መቅረቱን፣ ልጇ መቅረቷን፣ በቤቱ ስልክ ሲጮህ ማስመሪያ ሳታነሳ የምታልፈው መኖሩን ሁሉ ታዝባለች። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «በይ ንገሪኝ» አለቻት። ነገረቻት፤ ምንም ሳታስቀር፣ የስልኩን ወሬ ጭምር። እናቷ በመሀል አንድ ጊዜ ምላሷን በድዷ ላይ አንሸራሸረች፤ የቆየ ጣዕም የምትፈልግ ትመስል ነበር። ፊቷ ተጨማደደ። መሐረቧን አውጥታ አፏን ጠረገች፤ ደገመች፤ ሰለሰች።

«ስልኩን ስጪኝ» አለች።

ማስመሪያ ደውላ ሰጠቻት። እናቷ ልጇን አልሰደበቻትም፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ነይ ቤቴ» አለቻት። «የሚበላ ነገር ይዘሽ ግን እንዳትመጪ።»

እህቷ በዚያው ሳምንት መጣች። ባዶ እጇን እናቷ ቤት ገብታ ስለማታውቅ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር፤ አንዴ ቀሚሷ ላይ፣ አንዴ ጉልበቷ ላይ ታኖረዋለች። ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ የሰው ዕቃ ማመላለስ መጀመሩን፣ ልጆቹም ተመርምረው ደህና ናቸው መባሉን ተናገረች። ወሬው እዚያ ላይ አለቀ።

እናቷ «ሻይ አፍዪ» አለቻት።

ተነስታ ወደ ማድቤት ሄደች፤ የእናቷ ቤት ነው፣ ዕቃው የት እንዳለ ታውቃለች። ማስመሪያም ተከትላት ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። እህቷ ውሃውን ከቧንቧ ስትቀዳ፣ ስትጥደው፣ ስኳሩን ስታወርድ፣ እያንዳንዱን ነገር በዓይኗ ተከታተለች። እህቷ መታየቷን አውቃ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«እንደዚህ አትዪኝ» አለች ሳትዞር። «ምን ልጨምርበት ነው የምትዪኝ?»

«አላውቅም» አለች ማስመሪያ፤ እውነቷን ነው።

እህቷ ማልቀስ ጀመረች። ዞራም እጇን ያዘቻት፤ በሁለት እጇ፣ አጥብቃ፣ የልጅነታቸውን ያህል። «ይቅር በዪኝ። እባክሽ፣ ማስመሪያዬ፣ ይቅር በዪኝ።»

ማስመሪያ እጇን አልነጠቀቻትም። የእህቷን ለቅሶ ስትሰማ ልቧ ራርቷል፤ ገላዋ ግን አልራራም። የእህቷ ላብ መዳፏ ላይ ሲሞቅ ያ የወንዙ ዳር ስብ እንደገና ጣቶቿ መሀል የረጠበ መሰላት። ሻይው እስኪፈላ፣ እስኪገነፍል፣ እህቷ ራሷ ምድጃውን ልታጠፋ እስክትለቃት ድረስ ታገሠች።

ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ሻያቸውን ይዘው ቆዩ። መጀመሪያ የቀመሰችው እናትየዋ ነበረች። ማስመሪያ ብርጭቆዋን እፍ እያለች፣ እፍ እያለች ቆየች፤ እህቷ ስትሄድ ሻይው ቀዝቅዞ ነበር፤ ወስዳ ደፋችው።